ማን አየ? ማን ፈጠነ? በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የውጊያ ተራና ድንገተኛ ጥቃት

በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚነሡ ክርክሮች ሁሉ ቶሎ የሚጋጋለው ውጊያ ሊጀመር ሲል የሚነሣው ነው። አንዱ ተጫዋች «እኔ ቀስቴን ለቅቄያለሁ፤ ገና ያላየኝ ሰው እንዴት ይቀድመኛል?» ይላል። ሌላው «ሕጉ መጀመሪያ ዳይስ ጣሉ ነው የሚለው» ብሎ ይመልሳል። ጨዋታውን የሚመራው ሰው፣ በተጫዋቾች አጠራር ዲኤሙ፣ መሐል ላይ ይቀራል። ሁለቱም የያዙት እውነት አላቸው። የማይግባቡት ሕጉ ለየብቻ የሚጠይቃቸውን ሁለት ጥያቄዎች ስለሚቀላቅሏቸው ነው፦ ማን አየ? ማን ፈጠነ?

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን የፈጠሩት ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ዲኤሙ ዓለሙን ይተርካል፣ ጭራቆቹንና መንገድ ላይ የሚያጋጥሙትን ሰዎች ሁሉ እሱ ይጫወታቸዋል። ውጤቱ አጠራጣሪ የሆነ ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። ሲጓዙ፣ ሲነጋገሩ፣ ክፍል ሲፈትሹ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ የፈለገ ይናገራል። ሰይፍ ሲመዘዝ ግን ጊዜ በዙር ይከፈላል። አንድ ዙር በታሪኩ ውስጥ 6 ሰከንድ ያህል ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ብዙ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል።

በዙሩ ውስጥ ማን ማንን እንደሚቀድም የሚወስነው ኢኒሼቲቭ የሚባለው ሕግ ነው። ሁሉም ባለ 20 ገጹን ዳይስ ይጥላል፣ የገጸ ባሕርዩን የቅልጥፍና ጭማሪ ይደምርበታል፤ ከፍተኛ ቁጥር ያመጣ ይጀምራል። ለአንድ ዓይነት ጭራቆች ዲኤሙ አንዴ ጥሎ ለሁሉም ይጠቀምበታል። ሁለት ተጫዋቾች እኩል ካመጡ እርስ በርስ ይስማማሉ፤ ተጫዋችና ጭራቅ እኩል ከሆኑ ውሳኔው የዲኤሙ ነው።

ተራ ተያዘ ማለት ግን አንዱ ሲመታ ሌላው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል ማለት አይደለም። ስድስቱ ሰከንድ የሁሉም ናቸው። ኳስ በራዲዮ የሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ ሃያ ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ሲሮጡ እያየ፣ መናገር የሚችለው ግን አንዱን ከሌላው እያስከተለ ነው። ኢኒሼቲቭም እንዲሁ አንድ ላይ የሚሆነውን ነገር በቅደም ተከተል እንድንናገረው የሚያስችል ሥርዓት ነው። ይህን የተቀበለ ሰው «እንዴት ይቀድመኛል?» የሚለው ጥያቄ ግማሹ ይቀልለታል፤ ቀደመ የተባለው ባላጋራ የቀደመው በቅጽበት ነውና።

ወደ ድንገተኛ ጥቃት እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ሕግ እንዲህ ይላል። ማንም ካልተደበቀ ሁለቱ ወገኖች በግልጽ ይተያያሉ፤ የተዘናጋ የለም። አንዱ ወገን ካደፈጠ ግን የተደበቁት የመደበቅ ዳይስ ይጥላሉ፤ ውጤቱ ከሌላው ወገን ከእያንዳንዱ ሰው የንቃት ነጥብ ጋር ይነጻጸራል። የንቃት ነጥብ ዳይስ የማይጣልበት ቋሚ ቁጥር ነው፦ 10 ሲደመር የማስተዋል ችሎታው። አደጋውን ጨርሶ ያላየ ሰው ተዘናግቶ ተይዟል። የተዘናጋ ሰው በመጀመሪያው ተራው መንቀሳቀስም ሆነ ምንም ማድረግ አይችልም፤ ያ ተራ እስኪያልቅ ድረስም ምላሽ መስጠት የተከለከለ ነው። ምላሽ ማለት ከተራ ውጭ የሚደረግ ፈጣን ነገር ነው፤ ጋሻ እንደ መደቀን ያለ።

ሕጉ ሲሠራ ለማየት በዚያው ዓመት ለጀማሪዎች በተዘጋጀው ሣጥን ውስጥ ካለው ሎስት ማይን ኦቭ ፋንዴልቨር ከተባለው ጀብዱ የሚሻል ምሳሌ የለም። ተጫዋቾቹ ጭነት የያዘ ጋሪ ከኔቨርዊንተር ወደ ፋንዳሊን ሲወስዱ መንገዱ ላይ ሁለት የሞቱ ፈረሶች ያገኛሉ። ጫካው ውስጥ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ አራት ጎብሊኖች አድፍጠዋል። ዲኤሙ ለጎብሊኖቹ የመደበቂያ ዳይስ ጥሎ 9 አመጣ እንበል፤ የመደበቅ ጭማሪያቸው 6 ስለሆነ 15 ሆነ። ተዋጊው 11 የንቃት ነጥብ አለው፤ ጠንቋይዋ 10፤ ሌባዋ 16። ስለዚህ ቅጠሉ ሲነቃነቅ ያየችው ሌባዋ ብቻ ናት፤ ሁለቱ ተዘናግተዋል። አንድ ቡድን ሙሉ በሙሉ ተዘናጋ ወይም ነቃ አይባልም፤ የሚታየው ሰው በሰው ነው።

አሁን ኢኒሼቲቭ ይጣላል። ተዋጊው 17፣ ጎብሊኖቹ 12፣ ሌባዋ 7፣ ጠንቋይዋ 5 አመጡ። ተዋጊው የመጀመሪያው ነው፤ ግን ስለተዘናጋ ተራው ባዶውን ያልፋል። ብዙ ጠረጴዛ ላይ «እንግዲህ 17 ማምጣቱ ምን ጠቀመው?» ይባላል። ጠቅሞታል። ተራው ስላለፈ ምላሹ ተመልሶለታል፤ ጎብሊኗ ከጫካ ወጥታ አጠገቡ ያለችውን ጠንቋይ ልትወጋ ስትል፣ ጓደኛን በጋሻ የመከላከል ሥልት የተማረ ተዋጊ ከሆነ ጋሻውን መሐል ማስገባት ይችላል። ጠንቋይዋ ግን 5 ስላመጣች ቀስቱ ሲመጣባት ገና ተዘናግታለች፤ ጋሻ የሚባለውን አስማት ብታውቅም እንኳ አፏን ለመክፈት አልደረሰችም። ሌባዋ ደግሞ አይታ ሳለ ዘገየች፤ እጇ ቦርሳ ውስጥ ነበር ብሎ ዲኤሙ ሊተርከው ይችላል። ተራዋ ሲደርስ ግን ያለ ምንም ገደብ ትዋጋለች። አንዱ ፈጥኖ አላየም፣ አንዷ አይታ አልፈጠነችም። ሁለቱ ጥያቄዎች ለየብቻ የሚመለሱት ለዚህ ነው።

ሌባዋ ጮኻ ጓደኞቿን ብታስጠነቅቅስ? በሕጉ መሠረት ማን እንደተዘናጋ የሚወሰነው ውጊያው ሲጀመር ነውና ጩኸቷ ያንን አይሽርም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ «ነጻ ዙር» የሚባል ነገር የለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ቡድኖች አሁንም ለአድፋጩ ወገን ሙሉ ዙር በነጻ ሰጥተው ከዚያ በኋላ ኢኒሼቲቭ ስለሚያስጥሉ ነው። ልማዱ ምንጭ አለው። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የዲኤም መመሪያ እያንዳንዱ ወገን ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጥል ነበር፤ 1 ወይም 2 ከመጣ ተዘናጋ፤ የአንድ ደቂቃው ዙር ደግሞ በ10 ትንንሽ ክፍሎች ተከፍሎ፣ የተዘናጋው የሚያጣው ጊዜ በእነዚያ ይለካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ሦስተኛው እትም ሲመጣ ነገሩን አቅልሎ ከመደበኛው ውጊያ በፊት «የድንገተኛ ጥቃት ዙር» አበጀ፤ ያዩት ብቻ አንድ አንድ ድርጊት ይፈጽሙበታል። አምስተኛው እትም ያንን ዙር አስቀረ፤ የቀድሞ ተጫዋቾች ግን ከነልማዳቸው መጡ።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የጎብሊን አንድ ምት በአማካይ 5 ነጥብ ይቀንሳል። ጀማሪ ጠንቋይ 8 የሕይወት ነጥብ ብቻ ሊኖራት ይችላል። አራቱ ጎብሊኖች በነጻ አንድ ጊዜ ተኩሰው፣ ከዚያ ኢኒሼቲቩንም አሸንፈው እንደገና ቢተኩሱ፣ ማንም ሰይፉን ሳይመዝ ስምንት ምት ወረደ ማለት ነው። ጨዋታ ለመማር የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ገጸ ባሕርዩ ሲሞትበት ማየት ያሳዝናል፤ በተለይ የሞተው ሕጉ በማይለው ነገር ከሆነ።

ሁለተኛው የጭቅጭቅ ምንጭ ንግግር ላይ የሚነሣው ውጊያ ነው። ከሽፍቶቹ አለቃ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲደራደሩ አንዱ ተጫዋች ድንገት «ጩቤዬን መዝዤ እወጋዋለሁ» ይላል። እዚህ ጋ ዲኤሙ መጀመሪያ ምቱን አስፈጽሞ ከዚያ ዳይስ ካስጣለ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀድሞ የጮኸ ሁሉ ቀድሞ ይመታል፤ ቅልጥፍናም ዋጋ ያጣል። ተጫዋቹ የተናገረው ሐሳቡን ነው። ሐሳቡ ውጊያውን ያስጀምራል፤ ምቱ ግን ተራውን ይጠብቃል። አለቃው ከፍ ያለ ቁጥር ካመጣ እጁ ወደ ወገቡ ሲሄድ አይቶታል፣ ወይም ዓይኑ ሲለዋወጥ ነቅቶበታል። ተራው ሲደርስ ተጫዋቹ ሐሳቡን መለወጥም ይችላል። ሰውየው ፊት ለፊት እያየው ነውና እንደ ደንቡ አልተዘናጋም። እኔ ግን አንድ ልዩ ሁኔታ እቀበላለሁ፦ ወጊው የታመነ ወዳጅ ከሆነና ተንኮሉን በሚገባ ከደበቀ፣ የማታለል ዳይሱን ከተወጊው አስተዋይነት ጋር አወዳድሮ መወሰን ፍትሐዊ ነው። ሕጉ ማን ሊዘናጋ እንደሚችል የመወሰኑን ሥልጣን ለዲኤሙ ሰጥቷልና።

እውነተኛ ቅሬታ ያለው ግን ነፍሰ ገዳይ የሚባለውን የሌባ ዘርፍ የመረጠ ተጫዋች ነው። በ2014ቱ ሕግ የተዘናጋን ሰው ከመታ ምቱ ያለ ጥርጥር ከባድ ምት ይሆናል። ጨለማ ውስጥ አድፍጦ፣ ማንም ሳያየው፣ ኢኒሼቲቭ ላይ ግን ዘበኛው ቢበልጠው የዘበኛው ባዶ ተራ ያልፋል፤ ተራው ካለፈ ደግሞ መዘናጋቱም ያበቃል። ያ ሁሉ ድካም በአንድ ዳይስ ቀረ። በሕጉ ቃል ትክክለኛው ንባብ ይህ ነው፤ ተጫዋቹ ቢከፋው ግን አልፈርድበትም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የተሻሻለው መመሪያ ነገሩን ከሥሩ ለወጠው። የተዘናጋ ሰው ተራውን አያጣም፤ ኢኒሼቲቭ ሲጥል ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን ይወስዳል፣ ያ ብቻ ነው። በደንብ የተደበቀው በበኩሉ ሁለት ጥሎ ከፍተኛውን ይወስዳል። ተዋጊያችን 15 እና 6 ጥሎ 6ቱን ይወስዳል፣ ከ2 ጭማሪው ጋር 8 ይሆናል፤ ከጎብሊኖቹ በኋላ ነው፣ ግን ተራው ሲደርስ የፈለገውን ያደርጋል። ጠንቋይዋም ከመጀመሪያው ቀስት ጀምሮ አስማቷን መጥራት ትችላለች። ነፍሰ ገዳዩ ደግሞ ኢኒሼቲቭ ላይ የራሱ ብልጫ ተሰጥቶታል።

ለጀማሪ ቡድን የምመርጠው ይህን አዲሱን ነው፤ አንድ መጥፎ ዳይስ ጨዋታውን አይጨርሰውም። የራሱ እንከን ግን አለው፦ ማየትን ከፍጥነት ጋር ስለቀላቀለ፣ ምንም ያላየ ዘበኛ ሁለት ጥሎም ሊቀድም ይችላል። ታዲያ ምን ያድርግ? ዲኤሙ ዘበኛው የማያውቀውን እንዲያውቅ ማድረግ የለበትም። የሆነ ነገር ኮሽ ብሎበታል፤ ጦሩን ያነሣል፣ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ራሱን ለመከላከል ይዘጋጃል። ቀስተኛው የቆመበትን ቁጥቋጦ ግን አያውቀውምና ወደዚያ አይሮጥም።

የቀረው የበሩ ጉዳይ ነው። ተጫዋቾች ከተዘጋ በር ጀርባ ጭራቅ እንዳለ ሲሰሙ «በሩ ሲከፈት እንድተኩስ ተዘጋጅቻለሁ» ማለት ይወዳሉ። ድርጊትን አዘጋጅቶ መጠበቅ ግን ውጊያ ከተጀመረ በኋላ በራስ ተራ የሚፈጸም ነገር ነው፤ ከውጊያ በፊት የሚቀመጥ ነጻ ምት አይደለም። በሩ ሲከፈት ሁሉም ኢኒሼቲቭ ይጥላል። የተጫዋቾቹ ዝግጅት የሚያስገኝላቸው፣ እነሱ የሰሙ ስለሆኑ አለመዘናጋታቸውን ነው፤ ጭራቁ ካልሰማቸው ደግሞ የሚዘናጋው እሱ ነው።