ሥልጣን በአንድ እጅ እንዳይገባ፦ የኢጣሊያ ሪፐብሊክ መንግሥትና ብሔራዊ ምልክቶች

የኢጣሊያ ሕዝብ ጁን 2 እና 3 ቀን 1946 ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ የቀረበለት ጥያቄ አጭር ነበር፤ ዘውድ ወይስ ሪፐብሊክ? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) 12.7 ሚሊዮን ያህል መራጭ ሪፐብሊክን፣ 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ደግሞ ዘውዱን መረጠ። ሰሜኑ በአብዛኛው ለሪፐብሊኩ ሲወግን ደቡቡ ከንጉሡ ጋር ቆመ። የኢጣሊያ ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡትም ያኔ ነው።

በዚህ ድምፅ የወደቀው የሳቮያ ንጉሣዊ ቤት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሙሶሊኒን በ1922 ለሥልጣን የጠራው፣ ከ1936 ጀምሮም “የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት” የሚል ማዕረግ በስሙ ላይ የደረበው ንጉሥ ቪቶርዮ ኢማኑኤል 3ኛ ነው። ከሕዝበ ውሳኔው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ዘውዱን ለልጁ ለኡምቤርቶ አስረከበ፤ እርሱ ራሱ በ1947 በስደት አሌክሳንድርያ ላይ ሞተ። ኡምቤርቶም ከአንድ ወር ያህል ንግሥና በኋላ ወደ ፖርቱጋል ሄደ። አዲሱ ሕገ መንግሥት የቀድሞ ነገሥታትና ወንድ ዘሮቻቸው የአገሪቱን ምድር እንዳይረግጡ ከለከለ፤ እገዳው የተነሣው በ2002 ነው።

የዛሬውን የኢጣሊያ መንግሥት አሠራር ለመረዳት ከዚህ መነሣት ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ ሥልጣን በአንድ ሰው፣ በሙሶሊኒ እጅ ሲከማች ያዩ፣ ብዙዎቹም በዚያ ሰው እስር ቤት የከረሙ ናቸው። አርቃቂው ጉባኤ 556 አባላት ነበሩት፤ 21ዱ ሴቶች ናቸው። ካቶሊኮች፣ ሶሻሊስቶች፣ ኮሚኒስቶችና ሊበራሎች በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ። በ1947 የጸደይ ወራት ኮሚኒስቶችና ሶሻሊስቶች ከመንግሥት ካቢኔ ቢወጡም ከማርቀቁ ሥራ አልቀሩም። በዓመቱ መጨረሻ ረቂቁ በ453 ድጋፍ በ62 ተቃውሞ ጸደቀ። ሰነዱ ሥር ከሚታዩት ፊርማዎች ሦስቱ እነዚህ ናቸው፦ የጊዜያዊው ርእሰ ብሔር የሊበራሉ የኤንሪኮ ዴ ኒኮላ፣ የካቶሊኩ ጠቅላይ ሚኒስትር የአልቺዴ ዴ ጋስፔሪ፣ እንዲሁም በፋሺስቶች እስርና ግዞት ከአሥር ዓመት በላይ የኖረው የጉባኤው ሊቀ መንበር፣ የኮሚኒስቱ የኡምቤርቶ ቴራቺኒ። በዓለም ዙሪያ ቀዝቃዛው ጦርነት በሚጀምርበት ወቅት እነዚህ ሦስት ሰዎች በአንድ ወረቀት ላይ መፈረማቸውን ከሪፐብሊኩ ትልልቅ ክንውኖች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 1948 ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት 139 አንቀጾች አሉት። የመጀመሪያው ሪፐብሊኩ በሥራ ላይ የተመሠረተ መሆኑንና ሉዓላዊነት የሕዝብ መሆኑን ያውጃል። አሥራ አንደኛው ጦርነትን የሌሎችን ሕዝቦች ነፃነት ለመድፈር መጠቀሚያ ማድረግን ያወግዛል። የመጨረሻው ደግሞ የሪፐብሊክ ሥርዓቱ በምንም ዓይነት ማሻሻያ ሊለወጥ እንደማይችል ይደነግጋል። የፈረሰውን የፋሺስት ፓርቲ በማንኛውም መልክ መልሶ ማቋቋምም በሽግግር ድንጋጌዎቹ ተከልክሏል። አሥራ አንደኛውን አንቀጽ ኢትዮጵያዊ ሲያነብበው ከሌላው ለየት ባለ ስሜት እንደሚያነብበው አልጠራጠርም። በፌብሩዋሪ 1947 ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ቅኝ ግዛቶቿን እንድትተው፣ የኢትዮጵያን ነፃነት እንድታውቅና የዘረፈችውን ቅርስ እንድትመልስ አስገድዷት ነበር። በ1937 ሮም ላይ የተተከለው የአክሱም ሐውልት ግን እስከዚህ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እዚያው ቆይቶ በ2005 ነው ወደ አገሩ የገባው። ቆሞበት የነበረው አደባባይ ላይ ያለው ሕንፃ ለ“ኢጣሊያ አፍሪካ” ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ ሲሆን ከጦርነቱ በኋላ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ የፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት ሆኗል።

ንጉሡ ሲሄድ የንጉሡ ምልክቶችም አብረው መሄድ ነበረባቸው። ሰንደቅ ዓላማው ቀላሉ ነበር። አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ቀለማቱ በሬጆ ኤሚሊያ ከተማ ጃንዋሪ 7 ቀን 1797 የአንዲት አጭር ዕድሜ ያላት ሪፐብሊክ ባንዲራ ሆነው ተመርጠው ነበር፤ ስለዚህ የሳቮያን ጋሻ ከመሐሉ ማንሣት ብቻ በቃ። ያ ቀን ዛሬ የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሆኖ ይከበራል፤ እኛ ገናን በምናከብርበት ዕለት መሆኑ ነው።

አርማው ግን ብዙ አደከመ። በ1946 መገባደጃ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ውድድር ወጣ። የየትኛውም ፓርቲ ምልክት እንዳይገባበት፣ የኢጣሊያ ኮከብ ግን እንዲኖርበት ታዘዘ። ከመላ አገሪቱ ከ600 በላይ ንድፎች ቀረቡ፤ ፓኦሎ ፓስኬቶ የተባለ የሥዕል መምህር አሸነፈ። ንድፉ ለሕዝብ ሲቀርብ ግን ተዘባበቱበት፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ይመስላል አሉት። ሁለተኛ ውድድር ተደረገ፤ አሁንም ያሸነፈው ፓስኬቶ ሆነ። የዛሬው አርማ በሜይ 1948 በሕግ ጸደቀ፦ በመሐል ቀይ ጠርዝ ያለው ባለ አምስት ጫፍ ነጭ ኮከብ፣ ከጀርባው የፋብሪካ ማርሽ የሚመስል ባለ ጥርስ የብረት ጎማ፣ በአንድ ወገን የወይራ፣ በሌላው ወገን የባሉጥ ቅርንጫፍ፣ ከታች የሪፐብሊኩ ስም የተጻፈበት ቀይ ጥብጣብ። ጎማው ሕገ መንግሥቱ በመጀመሪያ አንቀጹ የሚጠራው ሥራ ነው፤ ወይራው ሰላም፣ ባሉጡ ጥንካሬና ክብር። ዘውድ፣ አንበሳ፣ ንስር ወይም ጎራዴ የለበትም። ጋሻ እንኳ የለውም፤ በዚህም በአውሮፓ ከተለመደው የመኳንንት ጋሻ ወግ ጨርሶ ይወጣል። ውበቱን የማይወዱት ኢጣሊያውያን ብዙ ናቸው። እኔ በበኩሌ ሊናገር የፈለገውን በግልጽ የሚናገር ሥራ ነው እላለሁ።

የመዝሙሩ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ግጥሙን የጻፈው የጄኖቫው ወጣት ጎፍሬዶ ማሜሊ በ1847 ነው፤ ዜማውን ሚኬሌ ኖቫሮ አወጣለት። ማሜሊ የአጭር ጊዜዋን የሮም ሪፐብሊክ ለመከላከል ሲዋጋ ቆስሎ በ1849 ሲሞት ገና 21 ዓመቱ ነበር። ግጥሙ ሪፐብሊካዊ መንፈስ ስለ ነበረው ነገሥታቱ የራሳቸውን የሰልፍ ሙዚቃ መረጡ። በኦክቶበር 1946 የሚኒስትሮች ምክር ቤት መዝሙሩን “ለጊዜው” ተቀበለው። ይህ “ለጊዜው” 71 ዓመት ቆየ፤ በሕግ ብሔራዊ መዝሙር የተባለው በዲሴምበር 2017 ነው።

ከዘውዱ አንድ ነገር ቀርቷል፤ የብሔራዊው እግር ኳስ ቡድን ሰማያዊ መለያ። ቀለሙ የሳቮያ ቤት ነው፣ በሰንደቅ ዓላማው ላይ የለም፣ ሪፐብሊኩም አልነካውም። ጁን 2 ብሔራዊ በዓል ነው፤ ፕሬዚዳንቱ በማይታወቀው ወታደር መቃብር የአበባ ጉንጉን ያኖራል፣ የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖችም በሮም ሰማይ ላይ ሦስቱን ቀለማት በጭስ ይሥላሉ።

ወደ መንግሥቱ አሠራር ስንመጣ መሠረቱ ፓርላማው ነው። ሁለት ምክር ቤቶች አሉት፦ በሞንቴቺቶርዮ ቤተ መንግሥት የሚሰበሰበው የተወካዮች ምክር ቤትና በማዳማ ቤተ መንግሥት የሚሰበሰበው ሴኔት። በብዙ አገሮች አንዱ ምክር ቤት ከሌላው ይበረታል። በኢጣሊያ ግን ሁለቱ ፍጹም እኩል ናቸው፤ ማንኛውም ሕግ በሁለቱም ቤት በአንድ ቃል መጽደቅ አለበት፣ ሴኔቱ አንድ ሐረግ ከለወጠ ረቂቁ ወደ ተወካዮቹ ይመለሳል። አካሄዱ አዝጋሚ መሆኑ አይካድም። ጠቅላይ ሚኒስትር ማቴዮ ሬንዚ በ2016 የሴኔቱን ሥልጣን ለመቀነስ ሕዝበ ውሳኔ ጠርቶ 59 በመቶው እምቢ ስላለው ሥልጣን ለቀቀ። በ2020 ግን ሕዝቡ የአባላቱን ቁጥር ለመቀነስ ተስማማ፤ ተወካዮች ከ630 ወደ 400፣ በምርጫ የሚገቡ ሴናተሮች ከ315 ወደ 200 ወረዱ። ከእነዚህ ውስጥ 8 ተወካዮችና 4 ሴናተሮች የሚመረጡት ውጭ አገር በሚኖሩ ኢጣሊያውያን ነው፤ አዲስ አበባ የሚኖር ኢጣሊያዊም የዚህ ድምፅ ባለቤት ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሕዝብ በቀጥታ አይመርጠውም። ፕሬዚዳንቱ ይሾመዋል፣ እርሱም ከሁለቱም ምክር ቤቶች የመተማመኛ ድምፅ ያገኛል፤ አንዱ ቤት ከነፈገው መንግሥቱ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት ከ1946 ወዲህ ከስድሳ በላይ መንግሥታት ተፈራርቀዋል። በኦክቶበር 2022 ቃለ መሐላ የፈጸመችው ጆርጃ ሜሎኒ 68ኛውን መንግሥት መሠረተች፤ በዚህ ወንበር የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴትም እርሷ ናት። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የሆነው የኪጂ ቤተ መንግሥት በ1916 በመንግሥት ሲገዛ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የገባበት ቤት ነው።

ብዙ ሰው ይህን የመንግሥታት መፈራረቅ አይቶ ኢጣሊያን ያልረጋች አገር ይላታል። ፍርዱ የተቻኮለ ይመስለኛል። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ካቢኔው ይቀያየር እንጂ ክርስቲያን ዴሞክራቶች ከመንግሥት አንድም ጊዜ አልወጡም፤ ሚኒስትሮቹም አብዛኛውን ጊዜ ወንበር የሚቀያየሩ ያው ሰዎች ነበሩ። ያን ሥርዓት የጣለው የ1992ቱ የጉቦ ምርመራ ነው። ከዚያ ወዲህ የምርጫ ሕጉ ራሱ ደጋግሞ ተለዋውጧል፤ ጉዳቱም ከካቢኔው መቀያየር ይበልጣል ባይ ነኝ፤ መራጩ ድምፁ እንዴት እንደሚቆጠር እርግጠኛ መሆን አልቻለምና።

ሌሎቹ ሚዛኖች በአጭሩ እነዚህ ናቸው። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በ1956 ሥራ ጀመረ፤ 15 ዳኞች አሉት፣ አምስቱን ፕሬዚዳንቱ፣ አምስቱን ፓርላማው፣ አምስቱን ከፍተኞቹ ፍርድ ቤቶች ይመርጧቸዋል። አገሪቱ በ20 ክልሎች የተከፈለች ስትሆን አምስቱ፣ ሲሲሊና ሰርዲኒያን ጨምሮ፣ ልዩ አስተዳደር አላቸው። ግማሽ ሚሊዮን ዜጎች ከፈረሙ አንድን ሕግ ለመሻር ሕዝበ ውሳኔ ይጠራል። በ1974 የፍቺን ሕግ ለማስሻር የተደረገው ሙከራ በዚህ መንገድ ቀርቦ ሕዝቡ ሕጉን አጽንቶታል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ግን ፕሬዚዳንቱ ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች ከክልሎች ተወካዮች ጋር ሆነው በምስጢር ድምፅ ለሰባት ዓመት ይመርጡታል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠየቃል፤ ከዚያ በኋላ አብላጫው ይበቃል። ጆቫኒ ሌዮኔ በ1971 የተመረጠው በ23ኛው ዙር ነው። የፕሬዚዳንቱ መኖሪያ የኩዊሪናሌ ቤተ መንግሥት ነው፤ ቀድሞ የሊቃነ ጳጳሳት፣ ኋላም የነገሥታት ቤት ነበር።

በተረጋጋ ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ሪባን የሚቆርጥ ሽማግሌ ይመስላል። ፓርቲዎች ሲጣሉ ግን ቁልፉ በእርሱ እጅ መሆኑ ይታያል። ፓርላማውን የሚበትነው እርሱ ነው፤ ሚኒስትሮችን የሚሾመው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ቢሆንም ፊርማው የእርሱ ነው። የዕዳው ቀውስ በበረታበት በ2011 ጆርጆ ናፖሊታኖ መንግሥት የመመሥረቱን ሥራ ለምጣኔ ሀብት ሊቁ ለማሪዮ ሞንቲ ሰጠ። በ2018 ሰርጆ ማታሬላ ለገንዘብ ሚኒስትርነት የቀረበለትን ፓኦሎ ሳቮናን አልሾምም አለ፤ አንዳንድ ፖለቲከኞች ከሥልጣን ይነሣ እስከ ማለት ደረሱ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ሌላ ሰው ቀርቦ መንግሥቱ ተመሠረተ። ማታሬላ የሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረ ሰው ነው፤ ወንድሙ ፒየርሳንቲ የሲሲሊ ክልል ፕሬዚዳንት ሳለ በ1980 በማፊያ ተገድሏል። በ2022 የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ሊሄድ ሲል ፓርቲዎቹ በሌላ ሰው መስማማት ስላቃታቸው በስምንተኛው ዙር እንደገና መረጡት።

አሁን ክርክሩ በዚሁ ቁልፍ ላይ ነው። የሜሎኒ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀጥታ በሕዝብ እንዲመረጥ የሚያደርግ ማሻሻያ አቅርቦ በጁን 2024 ሴኔቱ በመጀመሪያ ንባብ አጽድቆታል። ደጋፊዎቹ መንግሥት ዕድሜ ያገኛል፣ መራጩም ማን እንደሚመራው ያውቃል ይላሉ፤ ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ነገር ግን በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ ጠቅላይ ሚኒስትር ፊት በፓርላማ የተመረጠ ፕሬዚዳንት “አይሆንም” የማለት አቅሙ ይሟሽሻል። የ1948ቱ ሰዎች ያንን “አይሆንም” በውድ ዋጋ ነው ያገኙት፤ ከኩዊሪናሌ መውጣት የለበትም እላለሁ።