አገልግልና በርሜል፦ በታንኳ ጉዞ ላይ የማዕድ ቤት ዕቃ ማስቀመጫ



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ እንደሚታይ እገምታለሁ። የምናገረው ስለ ሣጥን ነው፤ ያውም ድስት፣ መጥበሻ፣ ሽሮና በርበሬ ተጭኖበት በወንዝና በሐይቅ ላይ ስለሚጓዝ ሣጥን። ይሁን እንጂ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ቢሮ ያላቸው አስጎብኚዎች ወደ ኦሞ፣ ወደ አዋሽና ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መንገደኛ ሲልኩ ከመንገደኛው ጋር አብሳይ ይልካሉ። አብሳዩ የሚመካው በሣጥኑ ነው። በመኪና ስንጓዝ የረሳነውን ጨው ከመንገድ ዳር ሱቅ እንገዛለን። በወንዝ ሸለቆ ውስጥ ግን ሱቅ የለም፤ ወደ ኋላ መመለስም የለም። ስንቁ ከረጠበ ወይም ከሻገተ የሚቀጥሉት ቀናት የረኃብ ወይም የሆድ ሕመም ቀናት ናቸው።

አሳቤን አስቀድሜ ልግለጽ። በውኃ ላይ የሚጓዝ የምግብ ሣጥን ሁለት ጠላቶች አሉት፤ አንዱ ከውጭ የሚገባው ውኃ፣ ሌላው ከውስጥ የሚነሣው እርጥበት ነው። ዛሬ ከገበያ የምንገዛቸው የፕላስቲክ ሣጥኖች የመጀመሪያውን ለመከላከል የተሠሩ ናቸው። ስለ ሁለተኛው ግን በቤታችን ያለ አንድ ዕቃ የበለጠ ያስተምረናል።

ይህ ዕቃ አገልግል ነው። አገልግል ከሣር የተሰፋ፣ ከውጭ በቆዳ የተለበጠ፣ ክዳንና የጠፍር ማንጠልጠያ ያለው የመንገድ ሞሰብ ነው። በተለመደው ሥራ ስፌቱን የምትሰፋው ሴት ናት፤ ቆዳውን የሚያለፋውና የሚለብጠው ደግሞ የቆዳ ባለሙያ ነው። ቆዳው አቧራንና የዝናብ ጠብታን ይመልሳል፤ የሣሩ ስፌት በበኩሉ ከእንጀራው የሚወጣውን እርጥበት ይመጣል። ስለዚህ እንጀራው ሳያልበው ለጉዞው ቀን ይደርሳል። ሁለት የተለያየ ጠባይ ያላቸውን ነገሮች አጋጥሞ ለአንድ ሥራ ማዋል ዛሬ በንድፍ ትምህርት ቤት የምናስተምረው ጉዳይ ነው። ባለሙያዎቹ ግን፣ በተለይ ቆዳ የሚያለፉት፣ ለዚህ ዕውቀታቸው የተከፈላቸው ንቀት ነበር፤ “ፋቂ” የሚለው የሙያ ስም ስድብ ሆኖ ኖሯል። አገልግሉን በቦሌ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ ጌጥ አድርገን ስንሰቅል ይህንን ማስታወስ የሚገባን ይመስለኛል።

አገልግል ግን ለውኃ ጉዞ አልተሠራም። ወንዝ ውስጥ ቢወድቅ ቆዳው ይርሳል፣ ስፌቱ ውኃ ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርቀው ፀሐይ ብቻ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ የሚሠራው የደንገል ታንኳም ራሱ ውኃ የሚጠጣ በመሆኑ ከሥራ በኋላ ከውኃ ወጥቶ ካልደረቀ ዕድሜው ያጥራል። በእንዲህ ያለ ታንኳ የተጫነ ነገር ሁሉ ከሥሩ እርጥበት አያጣም።

በሌላው ዓለም የታንኳ ተጓዦች ለዚህ ችግር በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። በሰሜን አሜሪካ ዋኒጋን የሚባል የእንጨት ሣጥን አለ፤ ስሙ ከአገሬው ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የመጣ ነው። ድስቱም ምግቡም በእርሱ ውስጥ ይገባል፤ ታንኳው ከውኃ ሲወጣ ተሸካሚው ግንባሩ ላይ በሚያውለው ጠፍር ይሸከመዋል፤ ሠፈር ሲደረስ ክዳኑ የመክተፊያ ገበታ ይሆናል። በኋላ በጎማ ጀልባ የሚጓዙት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ፣ በክዳናቸው ዙሪያ ጎማ ያላቸው የጥይት ሣጥኖችን ወሰዱ። አሁን በብዛት የሚታየው 30 ወይም 60 ሊትር የሚይዘው ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ነው።

በአገራችንም ወንዞች በዚህ ዓይነት ጉዞ ታውቀዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ቡድን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ በዓባይ ሸለቆ በጎማ ጀልባዎች ወረደ። በ1973 ደግሞ ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ በኦሞ ወንዝ ተጓዙ፤ ድርጅታቸውንም በጥንታውያን ግብፃውያን የአዞ አምላክ ስም ሶቤክ አሉት። አዞ ባለበት ወንዝ የተገለበጠ ሣጥን ተከትሎ የሚዋኝ ሰው እንደማይኖር አያጠራጥርም። ሣጥን ከጀልባው ጋር የሚታሰረው ስለዚህ ነው።

አሁን ከቦሌ ተነሥተን ወደ ላንጋኖ እንውረድ፤ አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለና። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ላንጋኖ ወደ 1,580 ሜትር ነው። የአየሩ ግፊት በቦሌ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ሲሆን በላንጋኖ ወደ 84 ይደርሳል። ወደ ቆላ ስትወርዱ ባዶ የውኃ ላስቲክ ተጨማዶ አይታችሁ ይሆናል፤ ምክንያቱ ይህ ነው። የክዳኑ ወርድ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ በርሜል ቦሌ ላይ ታሽጎ ሙቀቱ ሳይለወጥ ላንጋኖ ቢደርስ፣ በክዳኑ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ከሚመዝን ሰው ክብደት ጋር ይተካከላል። የቆላው ሙቀት በውስጥ ያለውን አየር ስለሚያሰፋው ከዚህ የተወሰነውን ያቃልላል፤ ሆኖም ክዳኑ እንቢ ያለው አብሳይ በቢላዋ ሲታገልና ጎማውን ሲቀድ ማየት የተለመደ ነው። የተቀደደ ጎማ ደግሞ የባሰ ነገር ያመጣል። በፀሐይ የጋለ በርሜል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ የውስጡ አየር ይኮማተራል፤ በርሜሉም በቀዳዳው ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ውኃው ዳር እንደ ተደረሰ፣ ጀልባው ከመጫኑ በፊት፣ በርሜሉን በጥላ ሥር ከፍቶ እንደገና ማሸግ።

በርሜሉ እንዲህ ተጠንቅቆ ቢታሸግም እንጀራ አይገባበትም። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፤ በተራ ሙቀት ከሦስትና ከአራት ቀን በላይ ሳይሻግት አይቆይም፤ ትኩሱን ጥብቅ ፕላስቲክ ውስጥ ከትተን ቆላ ስናወርደው ይህም ያጥራል። ውኃ እንዳይገባ የሚከለክለው ክዳን እንፋሎቱ እንዳይወጣም ይከለክላልና። የቀድሞ ዘማቾች ይህን ያውቁ ነበር። ስንቃቸው በሶ፣ ቆሎ፣ ቋንጣና ድርቆሽ የሆነው ጣዕሙን ፈልገው ሳይሆን እርጥበቱን ቤት ትተውት ለመሄድ ነው። ድርቆሽ በእኔ ግምት ለበርሜል የተፈጠረ ምግብ ነው፤ በርሜሉ ግን ዘግይቶ መጣ።

ስለዚህ ለንድፍ ተማሪዎቻችን የማቀርበው አሳብ አንድ ትልቅ ሣጥን ከመሥራት ይልቅ ሥራውን መክፈል ነው። ድርቆሹ፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ቡናውና ክብሪቱ በበርሜል ይታሸጉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንጀራ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደ አገልግል በሚተነፍስ የስፌት ዕቃ ይቀመጥ፤ በጀልባው ከፍተኛ ቦታ ላይ ሆኖ ከላይ ሸራ ይልበስ፣ በሸራውና በክዳኑ መካከልም አየር ይተላለፍ። ድስቱና መጥበሻው ውኃ ቢነካቸው ስለማይጎዱ ውድ ሣጥን አያስፈልጋቸውም፤ ውኃ የሚያንጠፈጥፍ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ይበቃቸዋል። እርጥብ ድስት ከሽሮ ጋር አንድ በርሜል ውስጥ መክተት በጉዞ ላይ ከማያቸው ልማዶች ሁሉ የማልወደው ነው። ቡታጋዙም ለብቻው ይሁን፤ ጋዝ ከሚያፈስ ሲሊንደር ጎን የተቀመጠ ምግብ ሽታውን ይይዛል፤ በታሸገ ሣጥን ውስጥ የተጠራቀመ ጋዝም እሳት ያስነሣል።

ስለ ክብደትና ስለ ቅደም ተከተል ጥቂት ልጨምር። ባለ 60 ሊትር በርሜል ጢም ተደርጎ ሲሞላ ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ወገባቸውን የሚጎዱት አብሳዮች ናቸውና ሁለት ባለ 30 ሊትር ይሻላል። ሁለት መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። ጨውና ክብሪት በሁለቱም ውስጥ ከተከፈሉ አንዱን ወንዝ ቢወስደው በሌላው እራት ይበላል። የየቀኑ ምግብ በየከረጢቱ ይታሰር፤ የመጨረሻው ቀን ከሥር፣ የመጀመሪያው ከላይ ይሁን። ሣጥኑንም የሚያሽገው ማታ በጨለማ የሚከፍተው አብሳይ ራሱ ይሁን እንጂ ቢሮ ያለ ሰው አይሁን። እጁ በርበሬው ያለበትን ያውቃልና።

ጀበናን በተመለከተ እስካሁን የሚያስተማምን ሣጥን አላየሁም። ሸክላ ነው፤ አንገቱ ቀጭን ነው፤ በርሜል ውስጥ ከድስት ጋር ሲጋጭ ይሰበራል። ልምድ ያላቸው አብሳዮች በነጠላ ወይም በፎጣ ጠቅልለው ባዶ በሆነው የእንጀራ አገልግል ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ይህም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በእግራቸው መካከል ይዘውት ይጓዛሉ።