ቆሮሶ ጥም አያውቅም

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ቆሮሶ (የናይል ቲላፒያ) ሲበለት ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከጭንቅላቱ ጎን ካለው ክዳን ሥር እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ፣ ደም የመሰለ ቀይ ነገር ይወጣል። ስንጥቡ ነው። አባ ኮዳ ለሚባሉት ወፎች ይወረወርና ይረሳል። ዓሣው የሚተነፍስበት መሆኑን ሁላችንም ተምረናል፤ ጨውን የሚጠብቅለትም እሱ መሆኑ ግን እምብዛም አይነገርም።

በቆሮሶ ደም ውስጥ በሊትር 9 ግራም ገደማ ጨው አለ፤ በሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ውስጥ ያለው 1 ግራም ገደማ ነው። ውሃ ጨው ወደበዛበት ስለሚያደላ፣ በስሱ የስንጥብ ቆዳ በኩል ቀን ከሌሊት ወደ ዓሣው ሰውነት ይሰርጋል። ጨው ደግሞ በዚያው ያመልጣል። ስለዚህ የቆሮሶ ጭንቅ የውሃ ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው። መጠጣት ብዙም አያስፈልገውም፤ ኩላሊቱ ቀጭን ሽንት እያጣራ ትርፉን ሲያስወጣ ይውላል።

ያመለጠው ጨው በከፊል ከምግብ ይተካል። የቀረውን ስንጥቡ ላይ ያሉ ልዩ ህዋሳት ከሐይቁ እየለቀሙ ወደ ደም ይመልሳሉ። ይህ በነጻ አይገኝም፤ ዓሣው ከበላው ጉልበት ይቆረጥበታል። ሥራውን ከሚያዙት ሆርሞኖች አንዱ ፕሮላክቲን ነው፤ የእናት ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው ያው ፕሮላክቲን! በጣም ይገርመኛል።

ባሕር ውስጥ ሁሉም ይገለበጣል። የቀይ ባሕር ውሃ በሊትር 40 ግራም ያህል ጨው ስላለው እዚያ የሚኖር ዓሣ ውሃ ያጣል፤ ስለዚህ ይጠጣል፣ ትርፉን ጨው በስንጥቡ ያስወጣል። የባሕር ዓሣ ውሃ እንደሚጠጣ ሆመር ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1930 አሳይቷል።

ሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። እንዲህ ያለ ሐይቅ በትነት ጨዋማ እየሆነ መሄድ ነበረበት። ያዳነው ውሃው በመሬት ውስጥ እየሰረገ ጨውን ይዞ መውጣቱ ነው። በስተሰሜን ያለው አቢጃታ ሐይቅ ግን፣ ገባሮቹ ለመስኖ ሲጠለፉና ውሃው ለሶዳ አሽ ማምረቻ ሲሳብ ሸሸ፤ ጨውና ሶዳው በረታ፤ ቆሮሶውም አለቀ። በሶዳ ውሃ ውስጥ ጨው ብቻ አይደለም ችግሩ፦ ስንጥቡ የሰውነቱን አሞኒያ ማስወጣት ይከብደዋል። የኬንያው የማጋዲ ሐይቅ ቲላፒያ አሞኒያውን ወደ ዩሪያ ቀይሮ ይተርፋል። ቆሮሶ ይህን አይችልም።