ምስጢር ጠባቂ ጆሮ፤ ነጻ የምክር አገልግሎት ለወንዶች ስለ ምን ያስፈልጋል?

ወንድ ልጅ የሆዱን በሆዱ መያዝ አለበት እየተባለ ያደገ ሰው፣ ችግር ሲደርስበት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ዝም ማለት ነው። ገንዘብ ቢያጣ ዝም ይላል፤ በፈተና ቢወድቅ ዝም ይላል፤ የወደዳት ልጅ ብትተወው፣ ወይም ያገባ ከሆነ በቤቱ ሰላም ቢያጣ፣ ከሁሉ የበለጠ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ በአገራችን ጨዋነት ተብሎ ይመሰገናል፤ ወሬን ለመቆጠብ ሲሆንም ምስጋናው ተገቢ ነው። ነገር ግን እነዚያው አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በልዩ ልዩ አገሮች የተቋቋመው ነጻና ምስጢር ጠባቂ የምክር አገልግሎት ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ በተለይም ለወንዶች ምን እንደሚጠቅም ለተማሪ ጓደኞቻችን በአጭሩ ማስረዳት ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት በ2021 በዓለም ላይ 727,000 ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጥፍተዋል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ማለትም በእኛው ዕድሜ፣ ከሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ይኸው ነበር። በዚህ ምክንያት የሚሞቱት ወንዶች መጠን ከሴቶቹ ከእጥፍ በላይ ነው። ይህን ስንል ሴቶች አይጨነቁም ማለታችን አይደለም፤ እንዲያውም የድብርት ሕመም በሴቶች ላይ በብዛት እንደሚታይ ይኸው ድርጅት ይገልጻል። የልዩነቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ከነዚህም አንዱ ወንዱ እርዳታ ሳይጠይቅ ብዙ ጊዜ መቆየቱ ነው።

ምክር ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው «ምክር» የሚለውን ቃል ሲሰማ ተግሣጽ ይመስለዋል። አንድ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ «እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ አታድርግ» የሚለው እየመሰለው አስቀድሞ ይሸሻል። የዛሬው የምክር ሙያ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ሮጀርስ በ1957 ባወጡት ጽሑፍ ሰውን በእውነት የሚለውጠው የአማካሪው ዕውቀት ብቻ እንዳልሆነ ተከራክረዋል። እርሳቸው እንዳሉት አማካሪው በመጀመሪያ ያለ ማስመሰል እውነተኛ መሆን አለበት፤ ሁለተኛ የመጣውን ሰው ሳይፈርድበት መቀበል አለበት፤ ሦስተኛ ነገሩን በዚያው ሰው ዓይን ለማየት መጣር አለበት።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ተማሪ ለሁለት ዓመት የወደዳት ልጅ ትታው ሄደች እንበል። እንቅልፍ አጥቷል፤ ትምህርቱ አልገባህ ብሎታል፤ ማታ ማታ መጠጣት ጀምሯል፤ ቀን ከሌት ስልኳ ላይ ይደውላል። ጓደኞቹ ግማሾቹ «ሴት ሞልቷል፣ እርሳት!» ይሉታል፤ ግማሾቹም ይሥቁበታል። አማካሪው ግን አይሥቅም፤ እርሳትም አይለውም። ሕመሙ ከመቼ እንደ ጀመረ፣ እንቅልፉና ምግቡ እንዴት እንደ ሆነ፣ ራሱን ወይም ሌላ ሰው ለመጉዳት አስቦ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር እርሱ ለራሱ ከሚነግረው ነገር እንዲለይ ይረዳዋል። «ትታኛለች» የሚለው የሆነ ነገር ነው፤ «ስለዚህ እኔ ከንቱ ሰው ነኝ» የሚለው ግን ከሐዘን የመጣ ሐሳብ ነው። በመጨረሻም ስለ እርሷ አድራጎት ሳይሆን ስለ ራሱ አድራጎት ይነጋገራሉ፤ ያ የማያቋርጥ መደወሉ እርሷን የሚያስፈራና ለእርሱም ቁስሉን የሚያሰፋ መሆኑን ራሱ እስኪያየው ድረስ። እንግዲህ ምክር ማለት ማባበልም መውቀስም ሳይሆን፣ ሰው የገዛ ሐሳቡን በሌላ ሰው ፊት አውጥቶ እንዲመረምር መርዳት ነው።

መስማት ብቻውን ምን ያህል እንደሚረዳ በለንደን የታየ ታሪክ አለ። በ1953 ቄስ ቻድ ቫራ ሕይወቱን ሊያጠፋ ያሰበ ሰው ሁሉ እንዲደውልላቸው በቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ቴሌፎን አቆሙ። የመጣው ሰው በዛና ወረፋ ሆነ። ተራ የሚጠብቁትን በጎ ፈቃደኞች ሻይ እያቀረቡ ያጫውቷቸው ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ቄሱ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ብዙዎቹ ሰዎች ከሻይ አቅራቢዎቹ ጋር ተነጋግረው ሲያበቁ ቄሱን ማየት ሳያስፈልጋቸው ቀልሏቸው ይሄዱ ነበር። ስለዚህ በ1954 የመስማቱን ሥራ ለበጎ ፈቃደኞቹ አስረከቡ። ሳማሪታንስ የሚባለው ድርጅት አጀማመሩ ይህ ነው።

ስለ ምስጢር

ምስጢር መጠበቅ ለአገልግሎቱ የተጨመረ ጌጥ ሳይሆን መሠረቱ ነው። ሰው የሚናገረው ነገር ነገ በመኝታ ቤት ወሬ እንደማይሆን፣ በትምህርት መዝገቡ እንደማይጻፍ፣ ለመምህሩም ለወላጁም እንደማይነገር ካላመነ አይናገርም። ስለዚህ አማካሪ የሰማውን ያለ ባለጉዳዩ ፈቃድ ለሌላ እንዳያወጣ የሙያው ደንብ ያስገድደዋል።

ነገር ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑንም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በ1969 በበርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ አንድ ወጣት፣ ፍቅሩን ያልተቀበለችውን ልጅ ሊገድል እንደሚያስብ ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ባለሙያ ነገረው። ባለሙያው ለግቢው ፖሊስ አስታወቀ፤ ፖሊሶቹም ወጣቱን ጠይቀው ለቀቁት፤ ለልጅቱና ለቤተ ሰቧ ግን ማንም አልነገራቸውም። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ልጅቱ በእጁ ተገደለች። ወላጆቿ ከሰሱ፤ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1976 በሰጠው ውሳኔ፣ ባለጉዳዩ በሌላ ሰው ላይ ብርቱ አደጋ የሚያደርስ መሆኑን የተረዳ ባለሙያ ያን ሰው ለማዳን ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት አለ። ታራሶፍ በሚል ስም የታወቀው ይህ ፍርድ በብዙ ስፍራ የሙያውን ልማድ ለውጧል። ደኅና አማካሪ ከመጀመሪያው ቀን «የነገርከኝ ሁሉ በእኔና በአንተ መካከል ይቀራል፤ የአንተ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ግን እርዳታ እጠራለሁ» ብሎ በግልጥ ይናገራል። ይህን መስማት ሊያስፈራን አይገባም፤ ወሰኑ የታወቀ ምስጢር ይበልጥ የሚታመን ነውና።

ነጻ ስለ መሆኑ

ክፍያ ሲነሣ የሚታሰበን የሐኪሙ ዋጋ ብቻ ነው። በዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪም የሆኑት ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ አንዲት ታካሚያቸው ወደ ሆስፒታል የምትመጣበትን የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ስትቀር፣ ከዚያም ሕይወቷን ስታጠፋ፣ ችግሩ ከዋጋው በላይ መሆኑን ተረዱ። ሰውየው ወደ ሐኪሙ መምጣት ካልቻለ ምክሩ ወደ ሰውየው መሄድ አለበት ብለው በ2006 በሐራሬ ከተማ በምባሬ ሰፈር 14 አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። በሾና ቋንቋ ሕመሙ «ኩፉንጊሲሳ» ይባላል፤ ትርጉሙ ማሰብ ማብዛት ነው። እኛም «ሐሳብ በዛብኝ» ስንል የምንናገረው ይህንኑ ነው። በ2016 የታተመ ጥናት በሐራሬ 573 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከአያቶቹ ጋር የተነጋገሩት ከ6 ወር በኋላ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ይልቅ ተሽሏቸው እንደ ተገኙ አሳይቷል።

ከዚሁ ጥናት ግን ሌላ ነገርም እንማራለን። ከተጠኑት ሰዎች እጅግ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ። ወንበሩ ነጻ ነው፤ ቅርብ ነው፤ ሆኖም ወንዶቹ በብዛት አልተቀመጡበትም። ስለዚህ ለወንድ ዋጋውን ማንሣት ብቻ አይበቃም፤ የሚታይበትን ኀፍረትም ማንሣት ያስፈልጋል። አውስትራሊያ ይህን ተመልክታ በ2001 ሜንስላይን የሚባል ለወንዶች የተለየ የቴሌፎን ምክር አቋቁማለች። የሚያተኩረው በቤተ ሰብና በፍቅር ግንኙነት ችግር ላይ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል። ጥቅሙን ማስተዋል አያዳግትም። ደዋዩ ፊቱ አይታይም፤ በማንም ደጅ ወረፋ አይቆምም፤ ከፈለገም ቴሌፎኑን ዘግቶ ነገ እንደገና ይደውላል። ከሚስቱ የተለየ አባት ልጆቹ በናፈቁት ሰዓት፣ በእኩለ ሌሊት፣ የሚያናግረው ሰው ያገኛል ማለት ነው።

የእኛስ ልማድ?

«እኛ ሽማግሌ አለን፤ የነፍስ አባት አለን፤ ጓደኛ አለን፤ ይህ የፈረንጅ ነገር ለምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሽማግሌ ትዳር ያስታርቃል፤ ብዙ ቤትም ከመፍረስ አድኗል። ይሁን እንጂ ሽምግልና ሁለት ወገን ቀርቦ የሚደመጥበት፣ ዘመድም የሚያውቀው ጉባኤ ነው። ወላጆቿ የማያውቁትን ፍቅር ይዞ የሚሠቃይ ተማሪ በማን ላይ ሽማግሌ ይልካል? የነፍስ አባት በርግጥ ምስጢር ጠባቂ ናቸው፤ ሙስሊሙ ወንድማችንም ሼኹን ያማክራል፤ ነገር ግን እንቅልፍ ማጣትና ተስፋ መቁረጥ ከንስሐና ከጸሎት ጋር የሠለጠነ ሰው እርዳታም ይፈልጋሉ። ጓደኛም ቢሆን እጅግ መልካም ነው፤ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላልና። ግን ጓደኛ ወገን ይይዛል፤ ይደክማል፤ ልጅቱንም ያውቃት ይሆናል። የምክር አገልግሎት ከነዚህ አንዱንም አያፈርስም፤ እነርሱ የማይደርሱበትን ክፍት ቦታ ይሞላል እንጂ።

ትልቁ እንቅፋታችን ስም መፍራት ነው። «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም በመካከላችን ለሕክምና ሳይሆን ለስድብና ለቀልድ ሲጠራ እንሰማለን። በዚህ ቀልድ የሚሥቅ ተማሪ ሁሉ፣ አጠገቡ ተቀምጦ እያመነታ ያለውን ጓደኛውን በር እየዘጋበት መሆኑን ይወቅ።

ምን እናድርግ?

ለመሄድ ለሚያመነታ ተማሪ፦ «ከየት እንደምጀምር አላውቅም» ብሎ መጀመር ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የመጠየቁ ሥራ የአማካሪው ነው። አንድ ጊዜ ሄዶ አማካሪው ባይስማማው ሌላ መጠየቅ መብቱ ነው። በዚያው ቀን ሁሉ ነገር ይፈታል ብሎም አይጠብቅ።

ለጓደኛ፦ አብሮህ የሚኖረው ልጅ ከሰው ከራቀ፣ ዕቃውን ማደል ከጀመረ፣ «ብሞት ይሻላል» ካለ፣ ነገሩን በቀልድ አትለፈው። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ይልቁንም የመናገሪያ በር ይከፍትለታል። ካሰበ ብቻውን አትተወው፤ ወደ ጤና ጣቢያ አብረኸው ሂድ። ይህን ዓይነቱን ምስጢር መደበቅ ወዳጅነት አይደለም።

ለተማሪዎች ማኅበር ደግሞ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ምስጢር የሚጠበቀው ንግግሩ ሲጀመር ሳይሆን ከበሩ ነው። የአማካሪው ክፍል በዲኑ ወይም በሬጅስትራሩ ደጅ ከሆነ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ማን እንደ ገባ ያያል፤ ምስጢሩም አንድ ቃል ሳይነገር ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ማኅበራችን በግቢያችን፦

1ኛ/ የምክር ክፍሉ መግቢያ ከአስተዳደር ቢሮዎች የተለየ እንዲሆን፤
2ኛ/ የምክር ማስታወሻ ከተማሪው የትምህርትና የዲሲፕሊን መዝገብ ጋር እንዳይገናኝ፤
3ኛ/ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ እንዲከፈት፤
4ኛ/ ተማሪው ወንድ ወይም ሴት አማካሪ መምረጥ እንዲችል፤
5ኛ/ ያለ አንዳች ክፍያ እንዲሆን፤
6ኛ/ የምስጢሩ ደንብና ወሰን ተጽፎ በሩ ላይ እንዲለጠፍ ይጠይቅልን።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም። አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ የሠለጠነ ሰውና የሚታመን ደንብ ነው። ማኅበራችን ስለ ምግብ ቤቱ ወጥና ስለ ኳስ ሜዳው እንደሚከራከር ሁሉ፣ ስለዚህችም በር እንዲከራከር እንጠይቃለን።