ዓባይ በረሃና የባቡር ዳገት

ደብረ ወርቅ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን «ባቡር ቤት ደርሰህ ና» ብላ ብትልከው ልጁ ትኬት ሊቆርጥ አይሄድም። ጤፉን አህያ ላይ ጭኖ ወደ ወፍጮ ቤት ይነዳል። በገጠሩ ጎጃም ባቡር ማለት እህል የሚፈጨው ሞተር ነው። ቃሉ በዓረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን ሥሩ «እንፋሎት» የሚል ትርጉም ያለው የአውሮፓውያን ቃል ነው። ስሙ ቀድሞ ገብቶ ወፍጮው ላይ ተቀመጠ። በሐዲድ ላይ የሚሄደው ባቡር ግን ጎጃም ውስጥ እስከ ዛሬ አንድ ጣቢያ የለውም።

ለምን ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከገንዘቡ በፊት የሚመጣ የተፈጥሮ ጥያቄ አለ። እሱን ያልተረዳ ሰው ገንዘቡ ለምን እንደሚበዛም አይገባውም። ጥያቄው ዳገት ነው።

ከደብረ ወርቅ በማለዳ የተነሣ አውቶቡስ በብቸና አድርጎ ደጀን ላይ ከዋናው መንገድ ይገባል። ከዚያ ዓባይ በረሃ ይጀምራል። ሾፌሩ ማርሹን ይቀንሳል፤ የተሳፋሪው ጆሮ ይደፈናል። በደጀን ብርድ ተጀቡኖ የነበረው ሰው ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል፤ መስኮቱ ይከፈታል፤ የጋለ ፍሬን ሽታ ይገባል። 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ሌላ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ጎሐ ጽዮን ይደርሳል። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 1,400 ሜትር ነው።

ያ የፍሬን ሽታ በቁጥር ሊነገር ይችላል። ከነተሳፋሪው 15 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ ይህን ቁልቁለት ሲወርድ በፍሬንና በሞተር ይዞ የሚያጠፋው ጉልበት ሦስት በርሜል፣ ማለትም 600 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሁሉ ሙቀት በረሃው ላይ ተበትኖ ይቀራል።

ብረት በብረት ላይ

የባቡር ጥበቡም ድካሙም ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የብረት ጎማ የብረት ሐዲድን በሚነካበት። ያ ቦታ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጥም። ብዙ ቶን የተሸከመው ጎማ በዚህች ታህል ስፋት ብቻ መሬት ይነካል።

የመኪና ጎማ ለስላሳ ስለሆነ በተንከባለለ ቁጥር ይጨመቃል፣ መልሶም ይነፋል። በዚህ መጨመቅና መነፋት ጉልበት ይባክናል። ጭቃ ላይ የሚሄድ ሰው አለት ላይ ከሚሄደው ቶሎ የሚደክመው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ብረት ግን አይጨመቅም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ሜዳ ላይ አንድ ቶን የሚመዝን መኪና ለማንቀሳቀስ 10 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ግፊት ሲያስፈልግ፣ ለአንድ ቶን የባቡር ጭነት 2 ኪሎ ግራም ያህል ይበቃል። ከሞስኮ ተነሥቶ ቭላዲቮስቶክ የሚደርሰው ባቡር 9,289 ኪሎ ሜትሩን አንድ ሳምንት በሚጠጋ ጊዜ በርካታ ፉርጎ እየጎተተ የሚዘልቀው በዚህ ቁጠባ ነው።

ቁጠባው ግን ዋጋ አለው። የሚያንሸራትተው ነገር መቆናጠጥ አይችልም። ደረቅ አስፋልት ላይ ያለ ጎማ የክብደቱን 70 በመቶ ያህል ለመሳብ ሲችል፣ ደረቅ ሐዲድ ላይ ያለ የብረት ጎማ ከ25 እስከ 35 በመቶ ቢይዝ ነው። ሐዲዱ ረጥቦና ቆሽሾ ከሆነ ወደ 10 በመቶ ሊወርድ ይችላል። ባቡሮች ከጎማቸው ፊት አሸዋ የሚረጩበት ቱቦ የተገጠመላቸው ለዚህ ነው።

ሁለት ጣት ከፍታ

ቤትዎ ያለውን ሁለት ሜትር አልጋ ያስቡ። በራስጌው በኩል ከእግሮቹ ሥር ሁለት ጣት፣ ማለትም 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢያደርጉበት የተኛው ሰው ላያውቀው ይችላል። ይህ ከ100 ሜትር 2 ሜትር የሚወጣ ዳገት ነው። ለባቡር ግን ከባድ ነው። አንድ ቶን በሜዳ የሚጠይቀው 2 ኪሎ ግራም ግፊት በዚህ ዳገት 22 ኪሎ ግራም ይሆናል። ዓይን የማይለየው ዳገት ባቡሩን 11 እጥፍ ያከብደዋል።

አሁን ዓባይ በረሃን እናምጣ። 1,400 ሜትር በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ማለት ከ100 ሜትር 7 ሜትር ነው። 100 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም የባቡሩ ጎታች፣ ሐዲዱ ደርቆ 25 ቶን ያህል የመሳብ ኃይል አለው እንበል። እያንዳንዱ ፉርጎ ከነሰዉ 50 ቶን ቢመዝን በ2 ከመቶ ዳገት 20 ፉርጎ ይጎትታል። በዓባይ መንገድ ዳገት ግን 4 ፉርጎ ብቻ ይሆናል። የክረምት ዝናብ ሐዲዱን አርጥቦ የመቆናጠጥ አቅሙ 10 በመቶ ላይ ሲወርድ አንድ ፉርጎ እንኳ አይጎትትም። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይብሳል፤ ያልተቆናጠጠ ጎማ ፍሬን ቢያዝም ይንሸራተታልና።

ስለዚህ መሐንዲሱ ያለው ዋና መፍትሔ መንገዱን ማስረዘም ነው። 2 ከመቶን ሳያልፍ 1,400 ሜትር ለመውረድ 70 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል። ለመውጣት ሌላ 70። አውቶቡሱ በ40 ኪሎ ሜትር የሚጨርሰውን በረሃ ባቡሩ በ140 ኪሎ ሜትር ይሻገረዋል ማለት ነው።

ሁለት ኩባያና ሁለት ዱላ

እንግዲያው ልክ እንደ አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ይውረድ የሚል ሰው ይኖራል። ይህንም ልጆች ቤት ውስጥ ሊፈትኑት ይችላሉ። ሁለት የፕላስቲክ ኩባያዎችን አፍ ለአፍ ገጥመው በፕላስተር ያጣብቁ። መካከሉ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ ቀጭን ይሆናል። ሁለት ቀጥ ያሉ ዱላዎችን ጎን ለጎን በትንሹ አዘቅዝቀው ኩባያዎቹን ከላይ ይልቀቁ። ኩባያዎቹ ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ ወደ ግራ ራሳቸውን እየመለሱ ሳይወድቁ ይወርዳሉ።

የባቡር ጎማዎችም እንዲህ የተሠሩ ናቸው። በአንድ ብረት ዘንግ ተጋምደው አብረው ይዞራሉ፤ በውስጥ በኩል ወፈር፣ በውጭ በኩል ቀጠን ይላሉ። ባቡሩ ሲታጠፍ በውጭ ያለው ጎማ በወፍራም ጎኑ፣ በውስጥ ያለው በቀጭን ጎኑ ይንከባለላል። መሪ የሌለው ባቡር የሚታጠፈው በዚህ ነው። ግን የወፍራሙና የቀጭኑ ልዩነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ኩርባው ሰፊ፣ ሬዲየሱም ብዙ መቶ ሜትር መሆን አለበት። አውቶቡስ ዓባይ በረሃ ላይ የሚታጠፍበትን ዓይነት ጠባብ ኩርባ ትልቅ ባቡር አይችለውም። ስለዚህ ያ 140 ኪሎ ሜትር ገደሉን እየታከከ፣ ሰፋፊ ኩርባ እየሠራ፣ ቦታ ሲያጣም ዋሻ እየበሳ መሄድ ይኖርበታል።

እስያ ተራራዋን እንዴት ወጣች?

ተራራማ አገር ሐዲድ አይገባውም ማለት አይደለም። ለዚህ እስያ ጥሩ አስተማሪ ናት።

የመጀመሪያው ዘዴ ባቡሩን ማሳነስ ነው። በሕንድ ከሜዳው ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ዳርጂሊንግ የሚወጣው ባቡር በ1873 ዓ.ም ተጠናቀቀ። በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 610 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ትንሽ ስለሆነ ጠባብ ኩርባ ይታጠፋል፤ በቀለበት መንገድ ዞሮ በራሱ ሐዲድ ላይ ያልፋል፤ ቦታ ሲጠበው ወደ ኋላ እየሄደ ይወጣል። ግን ዝግተኛ ነው፤ የሚጭነውም ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ገደሉን በከፍታ መሻገር ነው። ካሽሚር ውስጥ በቼናብ ወንዝ ላይ የተሠራውና በግንቦት 2017 ዓ.ም የተመረቀው የባቡር ድልድይ ከወንዙ በላይ 359 ሜትር ከፍ ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ድልድይ ዓባይ ላይ ቢሠራ ባቡሩ የሚወርደው 1,400 ሳይሆን 1,041 ሜትር ይሆናል፤ 140 ኪሎ ሜትሩም ወደ 104 ኪሎ ሜትር ይቀንሳል። አንድ ድልድይ 36 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ቆጠበ ማለት ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ከቲቤት የሚገኝ ነው። በ1998 ዓ.ም የተከፈተው ከጎልሙድ ላሳ የሚገባው ሐዲድ በታንጉላ በር 5,072 ሜትር ላይ ያልፋል። ይህ ከጎጃሙ የጮቄ ተራራ ራስ በላይ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በግማሽ ገደማ ያነሰ ስለሆነ ፉርጎዎቹ ውስጥ ኦክስጅን ይለቀቃል። መሐንዲሶቹን ያስጨነቃቸው ግን ከአየሩ ይልቅ መሬቱ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በረዶ የሆነ አፈር በበጋ ከላይ ሲቀልጥ ሐዲዱ ይሰምጣል። ስለዚህ ከመንገዱ ግራና ቀኝ አሞኒያ የያዙ ቱቦዎች ተተከሉ። ክረምታቸው ሲገባ አሞኒያው ታች የመሬቱን ሙቀት ይዞ ይተናል፣ ላይ ወጥቶ ሙቀቱን ለቀዝቃዛው አየር ይሰጣል፣ ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። ያለ ሞተር መሬቱን አቀዝቅዞ ያቆያል።

እኛ ከእግራችን በታች በረዶ የለንም፤ ዋልካ አለን። ጎጃም ውስጥ ያረሰ ሰው ዋልካን ያውቀዋል። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በላዩ የተነጠፈ ሐዲድ አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። መድኃኒቱ አፈሩን ጠርጎ መተካት ወይም ከኖራ ጋር ማዋሐድና ውሃውን ማራቅ ነው። የቲቤቱ ችግርና የዋልካው ችግር አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሐዲድ የሚፈልገው የማይንቀሳቀስ መሬት ነው።

ዳገት የወለዳት ከተማ

ዳገት በባቡር ላይ ያለውን ሥልጣን ለማየት እስያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ፈቃድ ሲሰጡ መስመሩ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም ከጅቡቲ ተጀመረ። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ግን ከባድና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነ። መስመሩ ሐረርን ትቶ ከተራራው ሥር አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም ባቡሩ የደረሰበት ያ ሜዳ መጀመሪያ አዲስ ሐረር፣ በኋላም ድሬዳዋ ተባለ። ዘመን ጠገቧን ከተማ ዳገት ከሐዲድ አስቀራት፤ ያው ዳገት ሌላ ከተማ ወለደ።

ሐዲዱ ሸዋ ወጥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም ነው። የሳይቤሪያው ታላቅ መስመርም በአሙር ወንዝ ላይ የቀረው ድልድይ አልቆ ሙሉ በሙሉ በሩሲያ ምድር የተያያዘው በዚያው ዓመት ነበር። የኛ 784 ኪሎ ሜትር ከዚያ ጋር ሲተያይ አጭር ነው። ነገር ግን ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቷል።

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም ተመርቆ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት እየሰጠ ነው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ይህ ለዳገት አገር ትልቅ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ባቡር ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ኤሌክትሪኩን ወደ ሽቦው መመለስ ይችላል። አውቶቡሱ በረሃ ላይ የሚበትነው የሦስት በርሜል ሙቀት በባቡር ቢሆን ዳገት ለሚወጣ ሌላ ባቡር ጉልበት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። መንገዱን የቆረጠብን ዓባይም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም በተመረቀው ግድብ ያንኑ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ነው።

የጎጃም ሐዲድ ጉዳይም ካርታ ላይ ገብቶ ያውቃል። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የተሣለው የባቡር ካርታ ከወልድያ በወረታና በባሕር ዳር አድርጎ ፍኖተ ሰላም የሚገባ መስመር ነበረበት። ካርታውን ልብ ብሎ ያየ ሰው የሚያነበው ነገር አለ። መስመሩ ጎጃም የሚገባው በዓባይ በረሃ ሳይሆን በጣና በኩል ነው። ይህ የሐረርን ታሪክ ያስታውሳል፤ ሐዲድ ገደል ሲገጥመው መጀመሪያ የሚፈልገው መዞሪያ ነው።

ለዚህ ነው ይህን ነገር ልጆቻችን እንዲያውቁት የምፈልገው። የደብረ ወርቅ ተማሪ «እኛ ጋ ባቡር አይመጣም» ብሎ ከማደግ ይልቅ «በየት በኩል፣ በስንት ከመቶ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። የጂኦግራፊ መምህራን የከፍታ መስመር ያለበት የዓባይ ሸለቆ ካርታ ቢያገኙ ጥቂት ክር ብቻ ይበቃቸዋል። ተማሪው ክሩን ደጀን ላይ በመርፌ ይሰካ፤ ከ100 ሜትር ከ2 ሜትር በላይ ሳይወርድ፣ ኩርባውን እያሰፋ ወንዙ ድረስ ይዘርጋው። ከዚያ ክሩን አንሥቶ በማስመሪያ ይለካው። በካርታው ልኬት ሲሰላ ከ70 ኪሎ ሜትር አያንስም። መንገዱን ማሳጠሪያ ብልሃት፣ አንድ ዋሻ ወይም አንድ ከፍ ያለ ድልድይ፣ ከዚያው ካርታ ላይ መፈለግ ይጀምራል።