ኃይሉ በየት በኩል ያልፋል? የቀድሞ የአሜሪካ መኪኖችን ሻንሲ ስለሚያጠናክሩ ተጨማሪ ክፍሎች



እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ የተሠሩትና «መስል ካር» እየተባሉ የሚጠሩት ባለ ትልቅ ሞተር መኪኖች ዛሬም በአድናቂዎቻቸው እጅ ይነዳሉ። ሻንሲያቸውን ለማጠናከር ታስበው የሚሸጡ ክፍሎችም ብዙ ናቸው፤ ከወለል በታች የሚበየዱ ቱቦዎች፣ በሞተሩ ላይ የሚዘረጉ አግዳሚ ዘንጎች፣ ማእዘን የሚደግፉ ላሜራዎች። ሻጮች ሁሉንም «መኪናውን ያጠነክራል» በሚል አንድ ቃል ያቀርቧቸዋል። ይህ ቃል ግን ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል። ጥንካሬ ማለት አንድ አካል ሳይሰበር የሚሸከመው ጭነት ነው፤ ግትርነት ደግሞ በአንድ ጭነት ሥር ቅርጹን ላለመለወጥ የሚያሳየው እምቢታ ነው። ግትር የሆነ ክፍል ጭነትን ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ አንዱን ቦታ ስናጸና የጎረቤቱን ዕድሜ ልናሳጥር እንችላለን።

የፎርድን ሙስታንግ እንመልከት። ኤፕሪል 17 ቀን 1964 በኒውዮርክ የዓለም ትርኢት ለሕዝብ የቀረበው ይህ መኪና የተሠራው ፋልከን በተባለው ርካሽ የቤተሰብ መኪና ላይ ተመሥርቶ ነው። ራሱን የቻለ ሻንሲ የለውም፤ ቦዲውና ሻንሲው ተበይደው አንድ የላሜራ ሣጥን ሆነዋል። ከፊት ሞተሩን የሚይዙ ሁለት ቁመታዊ ተሸካሚዎች አሉ፤ ከኋላም የአክስሉን ሞላዎች የሚይዙ ሌሎች ሁለት። እነዚህ የፊትና የኋላ ተሸካሚዎች ግን መሐል ላይ አይገናኙም። ጭነቱን ከፊት ወደ ኋላ የሚያሻግሩት ቀጭኑ ወለል፣ ከበሩ ሥር ያለው ደፍ እና ጣሪያው ናቸው። ጣሪያው የሚታጠፈው ሙስታንግ ከእነዚህ አንዱን ስላጣ፣ ፎርድ ራሱ ከወለሉ በታች ተጨማሪ ማጠናከሪያ በይዶበታል።

በ1967 የሞዴል ዓመት የወጣው ሸቭሮሌት ካማሮ በሌላ መንገድ ሄዷል። የፊት ክፍሉ ብቻ ተለይቶ የቆመ ሻንሲ ነው፤ ከቦዲው ጋር የሚታሰረውም ጎማ ማስታገሻ ተደርጎለት በብሎን ነው። ጣሪያው በሚታጠፈው ካማሮ አራት ማእዘኖች ላይ ፋብሪካው በውስጡ በሞላ የተያዘ ክብደት ያለበት ቆርቆሮ አስቀመጠ፤ ባለሙያዎች በቅጽል ስም «የኮክቴል መበጥበጫ» ይሉታል። ሥራው ንዝረትን መዋጥ እንጂ ቦዲውን ማጽናት አይደለም። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ መፍትሔ ብሎ ለመጥራት ግን ይከብደኛል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ጎኑ 50 ሚሊ ሜትር፣ የላሜራው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማእዘን ቱቦ ውሰዱ። ዙሪያው 200 ሚሊ ሜትር፣ የታቀፈው ስፋት 2,500 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። የተዘጋ ቱቦ ለመጠምዘዝ ያለው መለኪያ የስፋቱ ካሬ በ4 እና በውፍረቱ ተባዝቶ ለዙሪያው ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ውጤቱ 250,000 ይሆናል። ያንኑ ቱቦ ከዳር እስከ ዳር በመጋዝ ሰንጥቁት። አሁን መለኪያው የዙሪያው ርዝመት በውፍረቱ ኩብ ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ወደ 533 ይወርዳል። ብረቱ ያው ነው፣ ክብደቱም ያው፤ የመጠምዘዝ ግትርነቱ ግን ከ400 እጥፍ በላይ ወረደ። የሸቭሮሌት ሸቬል ሻንሲ ባለ ጣሪያ በሆነው መኪና ላይ አንድ ጎኑ ክፍት፣ ጣሪያው በሚታጠፈው ላይ ግን የተዘጋ እንዲሆን ያደረገው ይኸው ነው።

ይህን ይዘን የፊቱን ተሸካሚ ከኋላው ጋር የሚያገናኙትን ቱቦዎች እንመርምር። በመጉበጥ ረገድ ጥቅማቸው ግልጽ ነው፤ የተቋረጠውን መሥመር ይቀጥላሉ። በመጠምዘዝ ረገድ ግን ሁለት ትይዩ ቱቦዎች ብቻቸውን መወጣጫ እንደሌለው መሰላል ናቸው። ቦዲው ሲጠመዘዝ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ይጎብጣል እንጂ ብዙ አይከላከሉም። ዋጋ የሚያገኙት በርዝመታቸው ሁሉ ከወለሉ ጋር ሲበየዱና በመስቀለኛ አግዳሚ ከደፉ ጋር ሲያያዙ ነው። ጫፍና ጫፉ ብቻ በብሎን የሚታሰረው ዓይነት ለመግጠም ይቀላል፤ ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ጥቂት ከተንሸራተተ ግን በዚያች መንሸራተት ልክ ቱቦው ሥራ ፈት ነው።

የሞተር ክፍሉ ታሪክ ይለያል። በሙስታንግ ላይ የፊቱ ሞላ የተቀመጠው ከላይኛው ክንድ በላይ ስለሆነ፣ ከጎማው የሚመጣው ግፊት በቀጥታ ወደ ላሜራው ማማ ይወጣል። ማማዎቹ ከዓመታት በኋላ ወደ ውስጥ መዝመማቸውና መሰንጠቃቸው የታወቀ ነው። በ1965 የወጣው ሸልቢ ጂቲ350 ሁለት ነገሮች ነበሩት፤ ከአንዱ ማማ ወገን ወደ ሌላው የሚሻገር «ሞንቴ ካርሎ» የተባለ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ እና ሁለቱን ማማዎች ከፊት መስታወቱ በታች ካለው ግድግዳ ጋር የሚያያይዝ ወጥ ድጋፍ። የኋለኛው «የኤክስፖርት ድጋፍ» ይባላል፤ ወደ ውጭ አገር በሚላኩት ሙስታንጎች ላይ ይገጠም ነበርና። እኔ ከሁለቱ ምረጥ ብባል የኤክስፖርቱን እመርጣለሁ፤ ቀጥ ያለው ዘንግ ማማዎቹ እንዳይቀራረቡ ብቻ ሲይዝ፣ ይህኛው ሦስት ማእዘን ይሠራል፤ ሦስት ማእዘን ደግሞ ጎኖቹ ካልረዘሙ ወይም ካላጠሩ በቀር ቅርጹን አይለውጥም።

«ፋብሪካው ካልጨነቀው እኛን ምን አስጨነቀን?» የሚል ይኖራል። መልሱ ጎማው ነው። የዛሬ ራዲያል ጎማ መንገድን አጥብቆ ስለሚይዝ በኩርባ ላይ ወደ ቦዲው የሚያስገባው ኃይል መሐንዲሶቹ ያኔ ካሰቡት ይበልጣል። በዚያ ላይ ባለቤቱ ጠንካራ ሞላ ያስገባል። ሞላውና ቦዲው ተከታትለው እንደታሰሩ ሁለት ሞላዎች ስለሆኑ፣ ቦዲው የሚላላ ከሆነ የተገዛው ሞላ ሥራውን ሳይሠራ ቦዲው በምትኩ ይጠመዘዛል።

አደጋው ያለው አገጣጠሙ ላይ ነው። ወፍራም ቱቦ በቀጭን ላሜራ ላይ በድንገት ሲያልቅ ጭነቱ ሁሉ በብየዳው ጠርዝ ላይ ይከማቻል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይነሣል። ስለዚህ ጫፉ ሰፋ ባለ ላሜራ ላይ ማረፍና እየቀጠነ መሄድ ይገባዋል። ደፉ ከውስጥ በዝገት ከተበላ ደግሞ ቱቦው የሚበየደው በሌለ ብረት ላይ ነው፤ አዲሱ ቀለም ይሸፍነዋል፣ አሽከርካሪው ግን በላዩ ተማምኖ ይፈጥናል። መኪናውን በሁለት ክሪክ አንጠልጥሎ መበየድም ስሕተት ነው፤ በዚያች ሰዓት የጎበጠውን ቦዲ እንደጎበጠ ያጸናዋል። መኪናው በራሱ ክብደት በጎማዎቹ ላይ ቆሞ፣ በሮቹ በትክክል መዘጋታቸው ከታየ በኋላ ነው ብየዳው የሚጀመረው።

ለውጡንም በስሜት መመዘን አይበቃም። የኋላውን የሞላ መቀመጫዎች እሰሩ፤ ከፊት መሐሉ ላይ የሚሽከረከር ዘንግ አግድም አኑሩና ከመሐሉ 1.5 ሜትር ርቀት ላይ 50 ኪሎ ግራም ስቀሉ። የጥምዘዛው ጉልበት 736 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ለምሳሌ ቦዲው 0.2 ዲግሪ ቢጠመዘዝ፣ ግትርነቱ ለአንድ ዲግሪ 3,680 ኒውተን ሜትር ግድም ሆነ ማለት ነው። የመለኪያ ሰዓቶቹን ግን ጫፍ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፤ በመኪናው ርዝመት በየተወሰነ ርቀት ደርድሯቸውና የጥምዘዛውን ማእዘን በወረቀት ላይ ሣሉት። መሥመሩ በድንገት የሚሰበርበት ቦታ ላላው ቦታ ነው። ቱቦው ከተበየደ በኋላ ልኬቱን ድገሙት፤ ስብራቱ ጠፍቶ እንደሆነ፣ ወይም ጥቂት ወደ ፊት ሄዶ እንደሆነ ያን ጊዜ ይታያል።