ከድረ ገጹ እስከ ሥሩ፦ የዲጂታል ሰርተፊኬት ሰንሰለት ፍተሻ

ብራውዘር ከባንክ ወይም ከኢሜይል ሰርቨር ጋር በምስጢር መነጋገር ከመጀመሩ በፊት፣ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ትክክለኛው ባለቤት ይሁን ወይም መሐል የገባ አጭበርባሪ ማወቅ አለበት። ማመስጠር ብቻውን ይህን አይፈታም፤ ከአጭበርባሪ ጋር የሚደረግ ንግግርም ሊመሰጠር ይችላልና። ስለዚህ ሰርቨሩ ስሙን፣ ይፋዊ ቁልፉን፣ የሚጸናበትን ጊዜና የሰጪውን ተቋም ፊርማ የያዘ ዲጂታል ሰርተፊኬት ያቀርባል።

ይህን ሰርተፊኬት ብዙውን ጊዜ የሚፈርመው መካከለኛ የሚባል ሰርተፊኬት ነው፤ መካከለኛውን ደግሞ የሥር ሰርተፊኬት ይፈርመዋል። ሥሩ ግን ራሱን በራሱ የፈረመ ነው። የሚታመነውም አፕል፣ ጎግል፣ ማይክሮሶፍት ወይም ሞዚላ በሚያሰናዱት ዝርዝር ውስጥ ስለገባ ብቻ ነው። ተጠቃሚው የአንዱንም ተቋም ስም ሳይሰማ በሁሉም ላይ እምነቱን ጥሏል።

ፍተሻው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። እያንዳንዱ ፊርማ ከበላዩ ባለው ቁልፍ ይረጋገጣል፤ ቀኑ አለማለፉና ስሙ ከተጠየቀው አድራሻ ጋር መግጠሙ ይታያል። ከሁሉ የሚረሳው ፈራሚው ለሌላ የመፈረም ሥልጣን እንዳለው ማጣራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የደኅንነት ተመራማሪው ሞክሲ ማርሊንስፓይክ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለው ብራውዘር ይህንኑ እንደማያይ አሳየ፦ ለራሱ ድረ ገጽ ተራ ሰርተፊኬት ያወጣ ማንም ሰው በባንክ ስም ሌላ ሰርተፊኬት ፈርሞ ማለፍ ይችል ነበር። በ2011 ያው ስሕተት በአይፎን ላይ ተገኘ።

ፍተሻው በትክክል ተሠርቶ እንኳ ሥሩ ከተበላሸ ምን ይሆናል? መልሱ የመጣው ከኔዘርላንድስ ነው። ዲጂኖታር ለደች መንግሥት ሳይቀር ሰርተፊኬት የሚሰጥ ድርጅት ነበር። በ2011 ክረምት ሰርጎ ገቦች ሥርዓቱ ውስጥ ገብተው ሐምሌ ላይ በጎግል ስም ሰርተፊኬት አወጡ። ድርጅቱ መጠቃቱን በዚያው ወር ቢያውቅም ለሕዝብ አልተናገረም፤ ከጥፋቱ ሁሉ የከፋውም ይህ ዝምታ ነው። ጉዳዩ የታወቀው ነሐሴ መጨረሻ ላይ በኢራን ያለ አንድ ተጠቃሚ ክሮም ማስጠንቀቂያ ሲያሳየው ነበር፤ ክሮም ለጎግል አድራሻዎች የትኞቹ ሰጪዎች እንደሚፈርሙ አስቀድሞ ተነግሮት ስለነበር ነው። ሌሎች ብራውዘሮች ሰንሰለቱን ፈትሸው እንከን አላገኙበትም። ፎክስ አይቲ የተባለው ኩባንያ ባደረገው ምርመራ 531 የሐሰት ሰርተፊኬቶች ተቆጠሩ፤ ወደ 300,000 የሚጠጉ የኢራን የኢንተርኔት አድራሻዎችም ለጠለፋው ተጋልጠው ነበር። የኢሜይል መጠለፍ ለእስር ሊዳርግ በሚችልበት አገር ይህ የቴክኒክ ጉድለት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ብራውዘሮቹ ዲጂኖታርን ከዝርዝራቸው ሰረዙት፤ መስከረም 20 ቀን 2011 መክሰሩ በፍርድ ቤት ታወጀ።

ከዚያ ወዲህ ሰርተፊኬቶች ማንም በሚያያቸው ይፋዊ መዝገቦች እንዲመዘገቡ የሚያደርግ አሠራር ተዘረጋ። ክሮም ከ2018 የጸደይ ወራት ጀምሮ ላልተመዘገበ አዲስ ሰርተፊኬት ፊት ነሥቷል። የድረ ገጽ ባለቤት በስሙ የወጣውን ሁሉ መከታተል የቻለው በዚህ ነው።

ሌላው ችግር ያለ አንዳች ጠላት የሚመጣ ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ነፃ ሰጪ ሥራ ሲጀምር የራሱ ሥር በስልኮች ውስጥ ስላልነበረ አይደንትረስት በተባለ ሌላ ሰጪ ሥር ላይ ተደግፎ ነበር። ያ ሥር መስከረም 30 ቀን 2021 ጊዜው አለፈ። አዲሱን ሥር የሚያውቁ ፕሮግራሞች አጭሩን መንገድ ይዘው ሲያልፉ፣ ኦፕንኤስኤስኤል 1.0.2 የተባለውን የምስጠራ ሶፍትዌር የሚጠቀሙት ግን በረጅሙ መንገድ ሄደው ጊዜው ካለፈው ሥር ላይ ቆሙ። ከአንድ ሰርተፊኬት ወደ ሥር የሚያደርሱ መንገዶች ከአንድ በላይ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላውን የማይፈልግ መርማሪ ትክክለኛውን ሰርቨር ይመልሳል። አሮጌ አንድሮይዶች በአንጻሩ የሥርን ማብቂያ ቀን ስለማይመለከቱ ሥራቸው አልተቋረጠም።

በየቢሮው የሚያጋጥመው ግን ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው፦ ሰርቨሩ መካከለኛውን ሰርተፊኬት አይልክም። ብዙ ብራውዘሮች የጎደለውን ራሳቸው ፈልገው ስለሚያሟሉ ድረ ገጹ ጤነኛ ይመስላል፤ የስልክ መተግበሪያ ወይም የክፍያ ፕሮግራም ሲገናኝ ግን ይወድቃል። ፕሮግራመሩ ሥራው እንዳይቆምበት ፍተሻውን ጭራሹኑ ያጠፋዋል። ይህ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው፤ የጎደለውን ሰርተፊኬት ሰርቨሩ ላይ መጨመር የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን፣ ፍተሻው የጠፋበት መተግበሪያ ግን የማንንም ሰርተፊኬት ይቀበላል። በ2012 የስታንፎርድና የቴክሳስ ኦስቲን ተመራማሪዎች ከብራውዘር ውጪ ያሉ ፕሮግራሞችን ሲመረምሩ ፍተሻው በብዙዎቹ የተበላሸ ሆኖ አግኝተውታል፤ የክፍያ ሶፍትዌሮችም ከእነዚህ መካከል ነበሩ።

ቁልፉ የተሰረቀበትን ሰርተፊኬት መሻርም እስካሁን አስቸጋሪ ነው። ብዙ ብራውዘሮች የስረዛ መረጃ ካልደረሳቸው ግንኙነቱን ያሳልፉታል፤ መሐል የገባ ጠላፊም ያንን መረጃ ማገድ አይከብደውም። ስለዚህ ዕድሜን ማሳጠር ተመራጭ ሆነ። በ2020 ከፍተኛው ዕድሜ 398 ቀን ተደረገ፤ በሚያዝያ 2025 ሰጪዎችና የብራውዘር አምራቾች ባሳለፉት ውሳኔ መሠረት ደግሞ በመጋቢት 2029 ወደ 47 ቀን ይወርዳል። በዚያ ፍጥነት በእጅ ማደስ ስለማይቻል እድሳቱ የግድ ለፕሮግራም ይተዋል።